የጎረቤት ልጅ

ሶሲንና ሶርሳን ያገናኛቸው የሰዋስው ስሕተት ነው። ሌላው ሰው ሠርግ ቤት ይተዋወቃል፣ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ዓይን ለዓይን የሚጋጭ አለ። እነዚህ ሁለቱ ግን የተያያዙት ባልታረመ ደብዳቤ ነው። ዘመኑ 1998 ዓ.ም. ነበር። ሶሲ ያን ጊዜ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ በአንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ትተይባለች። ለዞኑ፣ ለወረዳው፣ ለፍርድ ቤቱ የሚገባው ማመልከቻ ሁሉ በእሷ ጣት ስለሚያልፍ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ለማወቅ ጎረቤት መዞር አያስፈልጋትም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም መምህር በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ገባ። ሶርሳ ይባላል፣ ባዮሎጂ ያስተምራል። ዝውውር ለጠየቀች ባልደረባው የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎላት ኖሯል። ሶሲ ማንበብ ጀመረች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት።

«መምህር፣ ‹መምህርት ጽጌሬዳ በሥራው የተመሰገነ፣ ሁለት ልጆችም የወለደ› ይላል። እንዲህ ያለ ወንድ ካለ ለእኛም ያሳዩን እንጂ።»

ሶርሳ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። «አማርኛ ስቸኩል ሁሉንም ሰው ወንድ ያደርግብኛል» አለ በመጨረሻ፣ አንገቱን እየደባበሰ።

በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ። መብራቱ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ጠበቀ። ሲመለስ ደግሞ ሁለቱም ቅር አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሶርሳ ደብዳቤ አበዛ። ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የሌለው እስኪመስል ድረስ በየሳምንቱ ይመጣል። አንድ ሐሙስ ያመጣው ወረቀት ላይ «ጠመኔዋ አልቋል፣ ወንበሩም ተሰብራለች» የሚል ስታይ ሶሲ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አሁንስ ሆን ብለህ ነው።»

«አዎ» አላት፣ ሳያፍር። «ካልተሳሳትኩ በምን ምክንያት ልምጣ?»

ሶሲ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሳይተየብ ቀረ።

መዋደዱ ቀላል ነበር፣ መጋባቱ ነው የከበደው። የሶሲ አያት ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ ወታደር ናቸው፤ እናቷ ወይዘሮ ፈጠነች ደግሞ ማርያምን ያሉ፣ ጾም የማያስታጉሉ ሴት። «ማተብ ያሰርኩልሽ ለጴንጤ ልድርሽ ብዬ ነው?» ብለው አለቀሱ። በሶርሳም በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «እኛ ጋ እህቶች ጠፍተው ነው?» ብለው መከሩት። ሶሲም እናቷን ረግጣ መሄድ አልሆነላትም፣ ሶርሳም ሌላ ሴት ማየት አልሆነለትም። እንዲሁ ሲጠባበቁ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ወይዘሮ ፈጠነች ራሳቸው ተሸነፉ። «ሠላሳ ስድስት ዓመትሽ ነው፤ እንግዲህ ሰይጣንንም ቢሆን አግቢ!» አሉ። ምርቃት ከሆነ ይኸው ነው ምርቃቱ። በ2007 ሁለት ድግስ ተደገሰ፦ አንዱ ጠጅ ያለበት፣ ሌላው ሚሪንዳ ብቻ።

ዓመት ሳይሞላቸው ሶሲ አረገዘች። ሶርሳ ሲሰማ ብድግ ብሎ ተቀመጠ፣ ተቀምጦ ብድግ አለ፤ ከዚያ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ብቻውን ቆመ። ከደስታ ብዛት መሰላት።

በአራተኛው ወር ላይ ሁለቱም ሶዶ ውስጥ ወዳለ የግል ክሊኒክ ሄዱ። አዋላጇ ሲስተር ኢየሩሳሌም ነገር የማታድበሰብስ ሴት ናት።

«ሶሲ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመትሽ ነው» አለቻት። «ዕድሜ ሲገፋ አካሉም አእምሮውም ዘግይቶ የሚያድግ ልጅ የመወለድ ዕድሉ ከፍ ይላል። ብትፈልጊ የደም ምርመራ አለ። ከክንድሽ ትንሽ ደም ወስደን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን፣ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፣ በሦስት ሳምንት ውጤቱ ይመጣል። ግን ‹ታሟል› ወይም ‹ደህና ነው› አይልሽም። ዕድሉ ከስንት አንድ እንደሆነ ነው የሚናገረው።»

«ከፍ ያለ ከሆነስ?»

«ለማረጋገጥ ሌላ ምርመራ አለ፤ ለሱ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ነው። ከዚያ ውሳኔው የእናንተ ነው። የሚዘጋጅ አለ፣ የሚያቋርጥም አለ። ማንም አያስገድድሽም።» ሲስተር ወረቀቷን ሳበች። «በቤተሰብ እንዲህ ያለ ልጅ ተወልዶ ያውቃል?»

«በእኛ በኩል የለም» አለች ሶሲ።

«የለም» አለ ሶርሳ። ፈጠን ብሎ ነው ያለው። ከዚያ ጥያቄ ሳይጠየቅ ጨመረበት፦ «ይመርመር። ዛሬውኑ ደሙ ይወሰድ።»

ሶሲ ዞር ብላ አየችው። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። «ላስብበት» አለች ለሲስተር፣ ቀጠሮውም ለሁለት ሳምንት ተያዘ።

ቤት እስኪደርሱ ባጃጁ ውስጥ አልተነጋገሩም። በሩን እንደዘጉ ግን ጠየቀችው።

«ውጤቱ ቢከፋ ምን ልታደርግ ነው?»

እሷን ሳያይ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«ልታስወጣው ነው? እሺ በለኝ ወይ እምቢ በለኝ።»

አሁንም ዝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። ይህን ተረት ያወጣ ሰው ሚስት ሆኖ አያውቅም። ሶሲ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ማድቤት ገባች፤ ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራችው።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳ በልቶ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርገው፣ በእንቅልፍ ልቡ የሚደጋግመውን ስም እንደገና ጠራ። «ቦሼ፣ ና! ብርድ ነው፣ ና!» ድምፁ የሱ አይመስልም፣ የልጅ ድምፅ ነው። ሶሲ ስሙን ከተጋቡ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። አንድ ጊዜ ጠይቃው «የጎረቤት ልጅ ነበር፣ ሞተ» ብሎ ዘግቶባታል። አሥር ዓመት ሙሉ ሲያወራ ያረመችው ሴት፣ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳታርም አልፋታለች።

ቅዳሜ ስኳርና ሳሙና ገዝታ የሶርሳ እናት ወዳሉባት ወደ በዴሳ ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች። አማቷ ወይዘሮ አዛለች ጓሮ ነበሩ፣ እንሰት ሥር ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ሆዷን ሲያዩ ደስ ብሏቸው በወላይትኛ መረቋት፤ ከዚያ በአማርኛ «ልጄ፣ ብቻሽን መጣ?» አሏት።

«ብቻዬን ነኝ፣ እማማ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ቦሼ ማን ነበር?»

የአሮጊቷ እጅ ጎመኑ ላይ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሶርሳ በእንቅልፍ ልቡ ይጠራዋል።»

«ይጠራል?» አሉ። ዓይናቸው ሞላ። «ነቅቶ ሳለ አልጠራም። ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልጠራም።» መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ቦሼ ልጄ ነው። ሴት ልጄ ነው። ከሶርሳ በኋላ የተወለደ።»

ሶሲ እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አለች።

አዛለች የነገሯት አጭር ነው። ቦሼ ስትወለድ ዓይኖቿ ጠበብ ያሉ፣ ምላሷ ወደ አፏ የማይገባ፣ አንገቷ የማይጸና ነበረች። በአራት ዓመቷ በእግሯ ሄደች፣ በስድስት ዓመቷ አንድ ቃል ተናገረች፤ ቃሉም «ሶሳ» ነበር፣ ወንድሟን መጥራቷ ነው። ሰው «እርግማን አለባቸው» ብሎ ሌሎቹ ልጆች ባልና ሚስት እንዳያጡ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትደረጋለች። ሶርሳ ከትምህርት ቤት የሚመለስበትን ሰዓት አውቃ በግድግዳው ቀዳዳ ጣቷን አውጥታ ትጠብቀው ነበር። እሱም መጀመሪያ ያንን ጣት ይዞ ነው ወደ ቤት የሚገባው።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በወላይታ አዲስ ዓመት በግፋታ በዓል፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ቦሼን ደረቷን አመማት። አባትየው «መጀመሪያ እንግዳው ይሂድ» አሉ። እንግዳው ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን የአሥራ አራት ዓመቱ ሶርሳ ማንንም ሳያስፈቅድ አዝሏት መንገድ ዳር ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰዳት።

«አዝሎ ሄደ፣ አዝሎ ተመለሰ» አሉ አዛለች። «ከዚያ ስሟን ቀበረ።»

ተነሥተው ወደ ቤት ገቡና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ተመለሱ። ከገጾቹ መሀል አንዲት ቢጫ የጤና ጣቢያ ካርድ አወጡ፣ እጥፋቷ ላይ ልትቀደድ የደረሰች።

«ከሱሪ ኪሱ አገኘሁ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ሌላ ሰው እንዳላስነብብ አፈርኩ። ስሟ አለበት?»

ሶሲ ወሰደችው። ስም፦ ቦሼ። ጾታ፦ ወንድ። ዕድሜ፦ 9። ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ፦ የጎረቤት ልጅ። ጸሐፊው የተነገረውን ነው የጻፈው፤ ሶርሳ «ታመመ» ያለውን ሰምቶ «ወንድ» ብሏል። ቦሼ በዚህ ዓለም ላይ የነበራት ወረቀት ይህ ብቻ ነው፣ እሱም እሷን አያውቃትም።

«ምን ይላል?» አሉ አዛለች፣ ወደ አፏ ተጠግተው።

ሶሲ ስንት ዓመት የሰው ጽሑፍ ስታቃና ኖራለች፤ እንዲህ ያለ እርማት ግን አድርጋ አታውቅም።

«ቦሼ ይላል። ሴት። ዘጠኝ ዓመት። የሶርሳ እህት ይላል፣ እማማ።»

አሮጊቷ ካርዱን ተቀብለው ሳሙት፣ ከዚያ «ያንቺ ነው» ብለው መለሱላት።

ከሰዓት በኋላ ሶዶ ስትደርስ ሶርሳ የተማሪዎች ፈተና እያረመ ነበር። ካርዱን ደብተሮቹ ላይ አኖረችለት። ቀይ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች ሶሲ። «ንገረኝ።»

«የጤና ጣቢያው ሰልፍ ላይ የክፍሌ ልጆች ነበሩ» አለ፣ ካርዱን ሳይነካ። «ጸሐፊው ‹ምንህ ነው?› አለኝ። ሁሉም ወደ ጀርባዬ አዩ። አንዱ ሳቀ። ‹የጎረቤት ልጅ› አልኩ።»

ሶሲ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጀርባዬ ላይ ነበረች፣ ሶሲ። እጇን አንገቴ ላይ ጠምጥማ ነበር። እንዲህ ስል እጇ ለቀቀኝ። ያን ጊዜ ሞታ ይሁን፣ ሰምታኝ ይሁን አላውቅም። ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«ታዲያ ምርመራውን ለምን ፈለግከው?»

«ልጁን ለማጥፋት አይደለም። አፌን ስለማላምነው ነው። ድንገት እንደሷ ያለ ልጅ አምጥተው ቢያስታቅፉኝ፣ ሰው ቆሞ እያየኝ፣ ምን እንደምል አላውቅም። ቀድሜ ካወቅኩ አምስት ወር እለማመዳለሁ ብዬ ነው።»

ሶሲ አዘነችለት፤ ግን ከኀዘኑ ይልቅ ንዴቱ ፈጠነ።

«እኔ ስጠይቅህስ ምን አልከኝ? ‹የጎረቤት ልጅ› አልከኝ! እዚያ ልጅ ነበርክ እሺ። እዚህ ቤት ማን ሳቀብህ? ሁለተኛ ጊዜ ካድካት።»

ሶሲ ልብሷን በፌስታል አድርጋ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

እናቷ ቤት ስድስት ቀን ቆየች። እዚያም ሰላም አላገኘችም። የጓዳውን በር በከፈተች ቁጥር ከኋላው የተቀመጠ ልጅ እንዳትመታ ቀስ አድርጋ ነው የምትከፍተው። ገበያ ቆማ ሳለ የነጠላዋን ጫፍ የሆነ ነገር ሳብ ያደርጋታል፤ ዞር ስትል ማንም የለም። አጥር ላይ ቀዳዳ ባየች ቁጥር ጣት ትፈልጋለች። ያላየቻት ልጅ ከየት መጥታ እንደያዘቻት አታውቅም፤ ግን አልጠላቻትም። የምትፈራው ሌላ ነገር ነው።

ወይዘሮ ፈጠነች ምን እንደተፈጠረ በደንብ አልተነገራቸውም፤ ምርመራ ይደረግ አይደረግ የሚል ክርክር እንዳለ ብቻ ያውቃሉ። በስድስተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፉ «ልጄ» አሏት፣ «የምትፈሪው ልጁ ምን ሆኖ ይወለዳል ብለሽ ነው ወይስ አባቱ ምን ሆኖ ይገኛል ብለሽ?»

ሶሲ እናቷን አየቻቸው። ዘጠኝ ዓመት የተጣላቻቸው ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ልቧን ገልጠው አነበቡት።

በማግስቱ የቀጠሮው ቀን ነበር። ክሊኒኩ ስትደርስ ሶርሳ በሩ ላይ ቆሟል፣ ማልዶ እንደመጣ ከጫማው ጭቃ ያስታውቃል። እናቱ ዘንድ በዴሳ ሄዶ ኖሯል።

«ለእናቴ ነገርኳት» አላት። «ካርዱ ላይ የተጻፈውን በትክክል አነበብኩላት። አንቺ የዋሸሽላትን አፈረስኩብሽ፣ ይቅርታ።»

«ምን አሉ?»

«መታችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ።»

ገቡ። ሲስተር ኢየሩሳሌም መርፌውን አዘጋጅታ ነበር። ሶርሳ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ «ሲስተር፣ ባለፈው የተናገርኩት ውሸት ነው» አለ። ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቁት ሴቶች ይሰሙታል፣ በሩ ክፍት ነው። «እህት ነበረችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች። ቦሼ ትባላለች። እናቴ የወለደቻት፣ የሥጋ እህቴ።»

ሲስተር ጻፈች። «እንግዲያው ምርመራው ይበልጥ ይጠቅማችኋል» አለች በለሆሳስ። «አስመርምረው የተረጋጉ ብዙ እናቶች አሉኝ።»

ሶሲ እጅጌዋን ጠቅልላ ነበር። ክንዷን አየችው፣ ባሏን አየችው። ሶርሳ ዓይኑን አላሸሸም።

«ሲስተር፣ ለሌሎቹ ደግ ነው፤ አልፈርድም» አለች። «የኔ ደም ግን ምንም አያውቅም። መመርመር የነበረበት ይኼ ሰውዬ ነው፤ እሱን ደግሞ አሁን መረመርኩት።» እጅጌዋን ወደ ታች መለሰች። «መዘጋጀቱን ዛሬ እንጀምራለን።»

ከክሊኒኩ እስከ ቤት በእግራቸው ሄዱ፣ እጇን ሳይለቅ።

ሶርሳ አምስቱን ወር እንዴት እንደተዘጋጀ ያየ ሰው ይስቅ ነበር። ሻንቶ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገ ለማ የሚባል ባለሱቅ እንዳለ ሰምቶ በየቅዳሜው እሱ ጋ ይሄዳል፤ ምን ይበላል፣ መቼ ቆመ፣ ሰው ሲያፈጥበት ምን ትላለህ እያለ ይጽፋል። በየዓመቱ «ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ይዘልለው የነበረውን፣ ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች አፈጣጠር የሚናገረውን የባዮሎጂ መጽሐፍ ገጽ ዘንድሮ ቆሞ አስተማረ። ቦሼን ለሶሲ ይነግራታል፦ ስትስቅ ትከሻዋ እንደሚነቃነቅ፣ ዝናብ እንደምትወድ፣ ሙዝ ለሰው ሳትሰጥ እንደማትበላ። ሲያወራ ሲያወራ ልጅቷ እቤታቸው መኖር ጀመረች። ሶሲ በሰባተኛው ወር አንድ ቀን ሳታስበው ሦስት ሰሐን አቅርባ ተገኘች፤ ሁለቱም አዩት፣ ማንም አላነሣውም።

ሚያዝያ 2008፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሶሲ ሴት ልጅ ወለደች።

ሲስተር ኢየሩሳሌም ጠቅልላ ለሶርሳ አስታቀፈችው። በሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ሶርሳ ልጅቷን ወደ መስኮቱ ወሰዳት። የዓይኖቿን ቅርጽ አየ። መዳፏን ቀስ ብሎ ዘርግቶ መስመሮቹን ቆጠረ። ማጅራቷን፣ የእግር ጣቶቿን፣ ምላሷን አየ። አንገቷን በሁለት ጣቱ ደግፎ ቆየ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ሶርሳ?» አለች ሶሲ ከአልጋዋ።

«ደህና ናት» አለ። «ምንም የለባትም።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን እንዲህ ሆነ?»

ልጅቷን አምጥቶ ደረቷ ላይ አስተኛት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ስጠብቃት ነበር» አለ። «ይህን ሁሉ ጊዜ... ትመጣለች ብዬ፣ ሶሲ። ይቅርታ ልጠይቃት፣ ሰው ሁሉ እያየ ላቅፋት።» የልጅቷን መጠቅለያ ጫፍ ጨበጠ። «አልመጣችም። ሞታለች እኮ። እህቴ ሞታለች።»

ሃያ ሦስት ዓመት ያልወጣው ለቅሶ በአንድ ጊዜ መጣ። የሰው ልጅ ሲወለድ እንዲህ አይለቀስም፤ የሰው ልጅ ሲቀበር ነው እንጂ። ወይዘሮ ፈጠነች እልል እያሉ የገንፎውን ሰሐን ይዘው ሲገቡ እልልታው አፋቸው ላይ ደረቀ።

«ምነው! ልጄ ምን ሆነች? ልጅቷስ?»

«እኛ ደህና ነን፣ እማዬ» አለች ሶሲ። የባሏን ጀርባ በመዳፏ ይዛለች። «እሱ ለቅሶ ላይ ነው። እህቱ ሞታበት።»

ፈጠነች መቼ እንደሞተች አልጠየቁም። ገንፎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጥለቱ ያማረውን የደስታ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው ለበሱት፤ ወንበር ስበውም ዘጠኝ ዓመት ከቤታቸው ደጅ ከመለሱት ሰው ጎን ተቀመጡ።

«ነፍስ ይማር፣ ልጄ» አሉት። «ስሟ ማን ነበር?»